አራት ከተሞች፣ አንድ ጥያቄ፦ በ1962 ኩባ ላይ ተንታኞችና መረጃ ሰብሳቢዎች እንዴት ተገናኙ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1962፣ በሃቫና ዳርቻ፣ ካምፖ ሊቤርታድ አካባቢ፣ አንድ ሰው የከባድ መኪና ኮንቮይ ሲያልፍ አየ። ተሳቢዎቹ ላይ ረጅም ነገር ተጭኗል። ሰውየው የሚሳኤል ባለሙያ አይደለም። ግን ርዝመቱን ገመተ፤ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል።

ይህ ወሬ ተጽፎ ዋሽንግተን ላሉ ተንታኞች የተሰራጨው ሴፕቴምበር 21 ነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሲደርስም የጠበቀው ጥርጣሬ ነበር። ምክንያቱም ተመሳሳይ ወሬ ሞልቷል። ኩባ ውስጥ ሚሳኤል አየሁ የማይል ስደተኛ አልነበረም ማለት ይቀላል።

ስለ ኩባ የሚሳኤል ቀውስ፣ ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ በስውር ባስገባችው የኑክሌር ሚሳኤል ከአሜሪካ ጋር ስለተፋጠጠችበት ጊዜ፣ ብዙ ተጽፏል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ምን አለ፣ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ምን መለሰ፣ መርከቦቹ የት ቆሙ። እኔን ግን ሁሌም የሚስበኝ ከዚያ በፊት ያለው አንድ ወር ተኩል ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ሰውና ሜዳ ላይ ሆኖ የሚያየው ሰው እንዴት ይነጋገራሉ? ማን ለማን ነው "እዚያ ሂድና ይህን እይልኝ" የሚለው? ጥያቄው መንገድ ላይ ሲቀር ምን ይሆናል? በዚያ ወር ተኩል ውስጥ የዚህ ሁሉ መልስ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በመጀመሪያ የሥራ ክፍፍሉን እንይ። ተንታኝ ማለት የመጣውን ወሬ አንብቦ፣ አገናኝቶ፣ "ይህ ማለት እንዲህ ነው" የሚል ሰው ነው። መረጃ ሰብሳቢ ደግሞ ወሬውን የሚያመጣው ነው። ሰብሳቢው ብዙ መልክ አለው። ሰላይ ያሰማራ መኮንን ሊሆን ይችላል። ስደተኛ የሚያነጋግር መርማሪ ሊሆን ይችላል። 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚበር፣ ዩ-ቱ የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን አብራሪም ሰብሳቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ጥያቄ ነው። ተንታኙ የሚፈልገውን ይጽፋል፣ ሰብሳቢው ያንን ይዞ ይወጣል፣ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል፣ ተንታኙ ደግሞ አንብቦ ጥያቄውን ያጠብበዋል።

ልጅ ገበያ ስትልክ ያለው ነገር ነው። "ጥሩ ነገር ግዛ" ብለህ ከላክኸው የመጣለትን ይዞ ይመጣል። "ከበሩ በስተቀኝ ካለችው ሴትዮ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ጠንካራውን" ካልኸው ግን ሥራው ሌላ ነው። ልጁ ያው ልጅ ነው። የተለየው መመሪያው ነው።

ለአየር ላይ ፎቶ ይህን ገመድ የሚይዝ ኮሚቴ ነበር። በምህጻሩ ኮሞር ይባላል። በ1960 የተቋቋመ ሲሆን ሰብሳቢው ጄምስ ሬበር ነበር፤ ከዚያ በፊት ለዩ-ቱ በረራዎች ብቻ የነበረውን ቀዳሚውን ኮሚቴም የመራው እሱ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ሲአይኤ፣ የመከላከያው የስለላ ድርጅት ዲአይኤ፣ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይል፣ አየር ኃይልና የውጭ ጉዳይ ሰዎቻቸውን ያስቀምጡ ነበር። ሁሉም የየራሱን ኢላማ ይዞ ይመጣል። ኮሚቴው የትኛው ይቅደም ብሎ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አውሮፕላን ጥቂት ነው፣ ፊልም ይወሰናል፣ ደመና ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ራሱ ትልቅ ውሳኔ ነው። ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ግን ከኮሚቴው በላይ ዋይት ሃውስ አካባቢ የሚወሰን ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለሰው መረጃ ደግሞ በፍሎሪዳ ኦፓ ሎካ አንድ ማዕከል ተከፍቶ ነበር። ያኔ ከሃቫና ማያሚ መደበኛ የመንገደኛ በረራ አልተቋረጠም። ስደተኞች በየቀኑ ይገባሉ። በማዕከሉ የሲአይኤና የጦሩ መርማሪዎች አብረው ተቀምጠው ያነጋግሯቸው ነበር። ወሬ አልጠፋም። የጠፋው ማጣሪያ ነው። ከ1962 በፊት ብቻ ኩባ ውስጥ ሚሳኤል አለ የሚሉ ከ200 በላይ ሪፖርቶች በሲአይኤ መዝገብ ተከማችተው ነበር። ሁሉም ወይ ሐሰት ናቸው ወይ ሌላ ነገር አይተው የተሳሳቱ ናቸው። ያኔ ኩባ ውስጥ አንድም የሶቪየት ባለስቲክ ሚሳኤል አልነበረም። ተንታኞቹ "አየሁ" የሚለው ቃል እስኪሰለቻቸው ድረስ ሰምተውታል። እውነተኛው ሲመጣ ጆሮአቸው ደንቁሮ መቆየቱ አይገርምም። ነገሩ ካለፈ በኋላ በተደረገ የውስጥ ግምገማ 3,500 ገደማ የሰላይና የስደተኛ ሪፖርቶች ተፈትሸው፣ የምር ጠቋሚ ሆነው የተገኙት ስምንት ናቸው።

ስምንት ከ3,500። እዚህ ላይ "ተንታኞቹ ሰነፎች ነበሩ" ማለት በጣም ቀላል ነው። እኔ ግን አልስማማም። መርፌውን በድርቆሽ ክምር ውስጥ ሲያዩት ድርቆሽ ነው የሚመስለው። ማንም ሰው ሦስት ሺህ ወሬ ፊቱ ተከምሮ በስሜት ብቻ ስምንቱን አይለቅምም። የሚረዳው መለኪያ ነው። በዚህ ጉዳይ ደግሞ መለኪያው በጣም ቀላል ነበር፤ ርዝመት።

ሶቪየቶች ያኔ ኩባ ውስጥ በግልጽ የሚያስገቡት ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤል ኤስኤ-2 ርዝመቱ 10 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሚፈራው የመካከለኛ ርቀት ባለስቲክ ሚሳኤል ደግሞ 20 ሜትር አካባቢ ነው፤ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ "ሚሳኤል አየህ?" የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። "ከተሳቢው ኋላ ምን ያህል ተርፎ ወጣ? መንገዱ መታጠፊያ ላይ መኪናው እንዴት ዞረ?" የሚለው ጥያቄ ግን ሁሉንም ይለያል። የካምፖ ሊቤርታዱ ሰው ወሬ ዋጋ ያገኘው በዚህ ነው። ስለ ሚሳኤል በማወቁ ሳይሆን ርዝመቱን በመናገሩ ነው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ኦገስት 29 አንድ ዩ-ቱ ኩባ ላይ በረረ። በምዕራብ ኩባ ስምንት የኤስኤ-2 ጣቢያዎች እየተሠሩ መሆናቸውን ይዞ ተመለሰ። የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆን ማኮን ከዚያ በፊትም ይጠራጠር ነበር፤ በኦገስት ለኬኔዲ ራሱ ነግሮታል። አሁን ጥርጣሬው ጠነከረ። ነገሩን ያየው እንደ ቤት ጠባቂ ነው። ሰው አጥር ላይ ሽቦ ሲጎነጉን፣ ግቢው ውስጥ ምን አስቀመጠ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤሎቹ ዩ-ቱን ለመከልከል ከሆኑ፣ ዩ-ቱ እንዳያይ የተፈለገው ነገር አለ።

ማኮን ግን በዚያው ሰሞን አግብቶ ለጫጉላ ሽርሽር ደቡብ ፈረንሳይ ሄደ። ከዚያ ሆኖ ተደጋጋሚ ቴሌግራም ላከ። ፎቶው ይቀጥል፣ ተንታኞች ይህን መላምት ይመርምሩት እያለ። ምክትሉ ማርሻል ካርተር ቴሌግራሞቹን ተቀበለ። ወደ ፕሬዚዳንቱ ግን አልሄዱም። የድርጅቱ ትልቁ ጥያቄ ጠያቂ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ጥያቄው በቢሮ ውስጥ ቀረ። ይህ ክፍል ሁሌም ያናድደኛል።

ሴፕቴምበር 10 በብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ማክጆርጅ ባንዲ ቢሮ ስብሰባ ተደረገ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1954፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ነገሩ የመጣው በመጥፎ ጊዜ ነበር። ኦገስት 30 አንድ የአሜሪካ ዩ-ቱ ተሳስቶ የሶቪየት ሳካሊን ደሴት ላይ ገብቶ ነበር። ሴፕቴምበር 9 ደግሞ የታይዋን አብራሪ ያበረረው ዩ-ቱ ቻይና ላይ ተመትቶ ወደቀ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዲን ራስክ ፈራ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሌላ አውሮፕላን ኩባ ላይ ቢወድቅ ዲፕሎማሲው ይበላሻል። በመጨረሻ የተስማሙበት መንገድ መሐል ላይ ያለ ነበር። ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር በሚያካልል ረጅም በረራ ፈንታ አራት አጫጭር በረራዎች ይደረጋሉ። አንዳንዶቹ ከባሕሩ ጠርዝ ውጭ ሆነው ያያሉ፣ ሌሎቹ ገባ ብለው ቶሎ ይወጣሉ። የኤስኤ-2 ጣቢያ ያለበት አካባቢ ይታለፋል።

ይታለፋል። አጥር የታጠረበት ቦታ ነው የሚታለፈው።

ላይ ላዩን ሲታይ መመሪያው አልተቋረጠም። በረራ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ሪፖርት አለ። በተግባር ግን ሰብሳቢው ከዋናው ጥያቄ ዞር ብሎ እንዲሄድ ታዟል። ደመናውም ጨመረበት። ሰማዩ ከ25 በመቶ በላይ በደመና ይሸፈናል ተብሎ ከተተነበየ ዩ-ቱው አይነሳም ነበር። በሴፕቴምበር ካሪቢያን ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። የሴፕቴምበር 17ቱ በረራ ጠቃሚ ፎቶ ሳይዝ ተመለሰ። ሌሎቹ ሴፕቴምበር 26 እና 29፣ ኦክቶበር 5 እና 7 በረሩ። አዳዲስ የኤስኤ-2 ጣቢያዎች አገኙ። ሳን ክሪስቶባልን ግን አንዳቸውም አላዩአትም።

በዚህ መሐል ሴፕቴምበር 19 የአሜሪካ የስለላ ማኅበረሰብ ይፋዊ ግምገማውን አወጣ። ሶቪየቶች ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳኤል ማስቀመጣቸው ከእስካሁኑ ልማዳቸው ጋር አይሄድም የሚል ነው። ለፍትሕ ያህል፣ ሰነዱ ነገሩ ሊሆን እንደሚችልና በጥንቃቄ መታየት እንዳለበትም ጽፏል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ተንታኝ ሲጽፍ "አልታየም" ማለት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አይቶ ማጣት አለ፤ አለማየት አለ። ፎቶ አይቶ ምንም ማጣት ማስረጃ ነው። ያልተነሣ ፎቶ ግን ማስረጃ አይደለም። በዚያ ሴፕቴምበር የምዕራብ ኩባ መሐል አልታየም ነበር። የመጨረሻው ፎቶ የኦገስት 29 ነው፤ ያኔ ደግሞ ሚሳኤሉ ገና አልደረሰም። የመጀመሪያዎቹን ባለስቲክ ሚሳኤሎች የጫነችው ኦምስክ የተባለች መርከብ ካሲልዳ ወደብ የደረሰችው ሴፕቴምበር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ተንታኙ ጠረጴዛ ላይ ያለው ፎቶ መቼና የት እንደተነሣ፣ የትኛው ቦታ በማን ትእዛዝ እንደታለፈ በደንብ ቢነገረው ኖሮ፣ ዝምታውን በሌላ ሚዛን ይመዝነው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ስለ ኩባ የአጥቂ መሣሪያ ወሬ በፎቶ ካልተረጋገጠ በመደበኛ የመረጃ ጽሑፎች እንዳይወጣ የሚያደርግ ገደብ ነበር። ተንታኞቹ ደግሞ ይህን ጥብቅ ክልከላ አድርገው ወሰዱት። እንግዲህ አስቡት። ፎቶ ካልመጣ አትጻፍ። ፎቶ ደግሞ ወደዚያ አይሄድም። ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ታሰረ።

ማን ፈታው? እዚህ ላይ ነው አራቱ ከተሞች የሚመጡት።

በሴፕቴምበር አጋማሽ ከኩባ ውስጥ አንድ የሰው መረጃ መጣ። ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው የምዕራብ ክፍለ ሀገር አንድ አካባቢ ነዋሪዎች እየወጡ ነው፣ ሶቪየቶች ይጠብቁታል፣ ውስጡ በጣም ሚስጥራዊ ሥራ አለ። መረጃው ዝም ብሎ "ምዕራብ ኩባ" አላለም። ወሰኑን በአራት ከተሞች ስም አስቀመጠው፤ ሳን ክሪስቶባል ከነዚያ አንዷ ናት። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ስታገናኛቸው ትራፔዞይድ፣ አራት ጎን ያለው ቅርጽ፣ ይወጣቸዋል። ቀጥሎ ሴፕቴምበር 17 ወደ ሳን ክሪስቶባል አቅጣጫ የሚሄድ ኮንቮይ ታየ የሚል ሌላ ሪፖርት ደረሰ። የሃቫናው 20 ሜትር አለ። አሁን ደግሞ አቅጣጫ ተገኘ።

በዲአይኤ ኮሎኔል ጆን ራይት የሚባል መኮንን ይህን ከፎቶው ጋር አገናኘው። በዚያ አካባቢ ያሉት የኤስኤ-2 ጣቢያዎች የተቀመጡበት ቅርጽ ዓይኑ ገባ። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የባለስቲክ ሚሳኤል ጣቢያዎችን ለመጠበቅ የሚደረደሩበትን ቅርጽ ይመስላል። የሰው ወሬና የሰማይ ፎቶ፣ በሁለት የተለያዩ ሰብሳቢዎች የመጡ ሁለት ነገሮች፣ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ሴፕቴምበር ሲያልቅና ኦክቶበር ሲገባ ሳን ክሪስቶባል በኢላማ ዝርዝሩ አናት ላይ ወጣች።

ልዩነቱን እዩት። ከዚያ በፊት ጥያቄው "ኩባ ውስጥ የአጥቂ ሚሳኤል አለ?" ነበር። ኩባ 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለዚህ ጥያቄ ማንም ፖለቲከኛ አውሮፕላን አይሰጥም፤ ምን ያህል ጊዜ ሊበር ነው? አሁን ግን ጥያቄው "በእነዚህ አራት ከተሞች መካከል ምን አለ?" ሆነ። ለዚህ አንድ በረራ ይበቃል። ወደ ሰብሳቢው የሚሄደው ጥያቄ ሲጠብብ፣ ወደ ላይ ለፈቃጁ የሚቀርበውም ልመና አነሰ። የራስክ ፍርሃት አልጠፋም። ግን በሚዛኑ ሌላ ወገን የሚቀመጥ ነገር ተገኘ።

ማኮን ተመልሶ ነበር። ኦክቶበር 4 ዋይት ሃውስ አካባቢ ያለው የበላይ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ምዕራብ ኩባ ለአንድ ወር መታለፏን አንሥቶ ተከራከረ። ኦክቶበር 9 በረራው ቀረበ፣ ኬኔዲም ፈቀደ። ከዚያ አየሩ ከለከለ። በተጨማሪም በረራውን ማን ያካሂድ በሚል ኦክቶበር 12 ኃላፊነቱ ከሲአይኤ ወደ አየር ኃይሉ ተላለፈ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቀናት ጠፉ፣ በቃ።

ኦክቶበር 14፣ እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 1955፣ ሻለቃ ሪቻርድ ሄይሰር ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ሌሊቱን በረረ። በማለዳ ኩባን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ወጣ። ደሴቲቱ ላይ የቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው። 928 ፎቶዎች ይዞ ፍሎሪዳ አረፈ።

ፊልሙ ዋሽንግተን ሄደ፤ ወደ ብሔራዊው የፎቶ ትርጓሜ ማዕከል። ማዕከሉ የነበረው ስቱዋርት በሚባል ሕንጻ የላይኛው ፎቆች ነው። ታች ያለው የመኪና መሸጫ ነበር። የሕንጻው ደንበኞች አዲስ መኪና ሲያዩ፣ በላያቸው የአርተር ላንዳል ሰዎች በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው በማጉያ ፊልም ያያሉ። ኦክቶበር 15 አንድ ጫካ ዳር በሸራ የተሸፈኑ ስድስት ረጃጅም ነገሮች አገኙ። ለኩ። ለኤስኤ-2 በጣም ረጅም ናቸው። ከ20 ሜትር ጥቂት ይበልጣሉ ወይም ያንሳሉ።

ያ የሃቫናው ሰው በዓይኑ የገመተው ቁጥር ነው።

ለማረጋገጥ ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሌላ ሰብሳቢ ይገባል። በሞስኮ የሶቪየት ወታደራዊ ስለላ ኮሎኔል የነበረው ኦሌግ ፔንኮቭስኪ ለምዕራባውያን ሰነዶች ሰጥቶ ነበር። ከሰጣቸው ውስጥ የሚሳኤሎች መመሪያ ነበረበት። ጣቢያው ስንት ሰዓት ውስጥ ዝግጁ ይሆናል፣ ምን ዓይነት ተሽከርካሪ አጠገቡ ይቆማል የሚለው ሁሉ። በፎቶው ላይ የሚታየው ድንኳንና ተሳቢ ትርጉም ያገኘው በዚህ ነው። ፔንኮቭስኪ ኦክቶበር 22 ተያዘ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተረሸነ። ስለዚህ ሰው ሳስብ ፎቶው በተነበበ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ ሥራው ምን ላይ እንደዋለ ሳያውቅ መያዙ ልቤን ይነካዋል።

ኦክቶበር 16 ጠዋት ባንዲ ለኬኔዲ ነገረው። ከዚያ በኋላ ገመዱ ተፈታ። የዩ-ቱ በረራ በቀን ብዙ ጊዜ ሆነ። ኦክቶበር 23 ደግሞ የባሕር ኃይል ክሩሴደር አውሮፕላኖች ዛፍ ጫፍ ሊነኩ ሲደርሱ ዝቅ ብለው መብረር ጀመሩ። ፊልማቸው ጃክሰንቪል ታጥቦ ወዲያው ዋሽንግተን ይሄዳል። ተንታኙ ማታ "የነዳጅ መኪናው ከማስወንጨፊያው ስንት ሜትር ራቀ?" ብሎ ይጠይቃል፤ አብራሪው በማግስቱ መልሱን ይዞ ይመጣል። ሴፕቴምበር ውስጥ ዘጠኝ ቀን የፈጀው ነገር ሰዓታት ፈጀበት። መሥሪያ ቤቶቹም ሰዎቹም ብዙ አልተቀየሩም። ተንታኙ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፣ ሰብሳቢውም ለምን እንደተላከ ያውቃል፣ ፈቃጁም ከመንገዱ ዞር ብሏል።

ሁሉም ግን አልተገኘም። ከሁሉ የሚበልጠው ሚሳኤሎቹ ላይ የሚገጠሙት የኑክሌር ጭንቅላቶች የት አሉ የሚለው ነበር። ዛሬ እናውቃለን፤ ኢንዲጊርካ በተባለች መርከብ ኦክቶበር 4 ማሪየል ወደብ ገብተው ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ገብተዋል ወይ የሚለውን እንኳ በፎቶ ማረጋገጥ አልቻሉም። ተንታኞቹ የሚፈልጉት የሶቪየት የኑክሌር መጋዘን የሚታወቅበትን ምልክት ነው፤ ድርብርብ አጥር፣ ጥብቅ ጥበቃ። ከሃቫና ደቡብ ቤሁካል የሚባል ቦታ አንድ ምሽግ ነበር። አውሮፕላኖቹ አልፈውበታል፣ ፎቶውም አለ። ያ ምሽግ የጭንቅላቶቹ ማከማቻ ነበር። አጥሩ ግን ነጠላ ነው። ተንታኞቹ አይተው አለፉት።